አማቻችን ከመምጣቱ በፊት የጠየቀን ሃያ ሦስት ጥያቄ

ጥያቄዎቹ የመጡት ዓርብ ከሰዓት በኋላ በቴሌግራም ነው። ሃያ ሦስት ናቸው፤ ሁሉም ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። የላከልኝ የእህቴ ባል ነው። ህንዳዊ ነው፤ ዱባይ ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣና ፍሪጅ ይጠግናል። እህቴ ለሥራ ሄዳ ሰባት ዓመት ስትቆይ እዚያው ተዋወቁና ኒካሕ አሰሩ፤ አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። መውለድ የምትፈልገው በከተማችን በመካነ ሰላም፣ እናቴ አጠገብ ነው። ባሏም አብሯት መጥቶ እዚሁ ሊኖር አስቧል።

ግን እሱ ሸሚዝ እንኳ ሦስት ቀን ሳያስብ የማይገዛ ሰው ነው። ሰው ገና በማደግ ላይ ወዳለ አገር ኑሮውን ከማዛወሩ በፊት ኢኮኖሚያዊ ሥጋቶቹን አንድ በአንድ መመዘን አለበት ብሎ ያምናል። የሚመዝንለት ሰው ሲፈልግ እህቴ የእኔን ስም ሰጠችው። "የቤታችን ኢኮኖሚስት እሷ ናት" ብላዋለች።

እኔ ኢኮኖሚስት አይደለሁም። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ገና ትምህርት ክፍል እንኳ አልመረጥኩም። ኢኮኖሚክስ በመጀመሪያው መንፈቅ ከወሰድናቸው የጋራ ትምህርቶች አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ከፍላጎትና አቅርቦት ብዙም ሳናልፍ ፈተና ደረሰ። ይህን ለቤተሰቤ በተደጋጋሚ አስረድቻለሁ። ምደባው ከዚሁ ከተማችን ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለጣለኝ ቅዳሜና እሁድ ቤት እመጣለሁ፤ በመጣሁ ቁጥር እናቴ ለጎረቤት "ልጄ የአገሩን ኢኮኖሚ ስታይ ሰንብታ መጣች" ትላለች። እኔም ሰው ማሳፈር ስለማልወድ ዝም እላለሁ።

የዚያን ዕለት ማታ ጥያቄዎቹን ከእንግሊዝኛ እየመለስኩ ለእናቴና ለአባቴ አነበብኩላቸው። አባቴ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን ያቀራሉ፤ ጥያቄ በትዕግሥት መስማት ልማዳቸው ነው። እናቴ ግን ገና በአንደኛው መልስ መስጠት ጀመረች። ባለፈው ዓመት የሸቀጥ ዋጋ ምን ያህል ጨመረ ለሚለው "ብዙም አይደለም በዪ" አለችኝ። ያን ጠዋት ግን ስለ ሽንኩርት ዋጋ ከነጋዴው ጋር ስትጨቃጨቅ አርፍዳ ነበር የመጣችው። አራተኛው ጥያቄ በዓመቱ ሞቃታማ በሚባለው ወር ሙቀቱ ስንት ይደርሳል የሚል ነው።

"ይሞቃል ብለሽ ጻፊ" አለችኝ።

ይህን ስትል ጋቢ ተከናንባ ከጋቢው ሥር ሹራብ ለብሳለች። አባቴ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞሩ። የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ብርድ በነፃ ወደሚታደልበት ደጋ መጥቶ ምን ይሠራል ብዬ ብጠይቃት፣ እሱ ከመጣ በኋላ ቀስ ብሎ የሚታይ ነገር ነው አለች። በአቅራቢያችን አቀስታ ከተማ ያለው ዘመዳችንም እነሱ ጋ ይሻለው እንደሆነ በስልክ ሲማከር እነሱ ጋ ደግሞ ከኛ የባሰ እንደሚበርድ አስታውሶ ተስፋ አስቆረጠን።

የመጨረሻው፣ ሃያ ሦስተኛው ጥያቄ እንዲህ ይል ነበር፦ በዚህ ከተማ ኑሮ አልሳካ ያለው ሰው ወዴት ይሄዳል?

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና "ዱባይ በዪው" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ደብተሬ ላይ ሠንጠረዥ አስምሬ ለጥናት ወጣሁ። ስድስተኛው ጥያቄ ከአሥር ቤት በስንቱ የሚሠራ ፍሪጅ አለ የሚል ስለነበር፣ ፍሪጅ አለበት የተባለውን ቤትና ሱቅ ሁሉ ለማዳረስ ቆርጫለሁ። መጀመሪያ የገባሁት መንገድ ዳር ካለ ሱቅ ነው። ለባለሱቁ ሰላምታ ሰጥቼ ገበያው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት።

"አልሐምዱ ሊላህ።"

"ዘይት ጨምሯል?"

"አልሐምዱ ሊላህ፣ ጨምሯል።"

"ሰው ይገዛል?"

"አልሐምዱ ሊላህ፣ አይገዛም።"

ምን ብዬ እንደምሞላው ጨነቀኝ። "ጥሩ"፣ "መካከለኛ"፣ "መጥፎ" የሚሉ ሦስት ረድፎች ነበሩኝ፤ ሰውየው በአንድ ትንፋሽ ሦስቱም ውስጥ ገባ። ቀጥሎ የሄድኩት ሥጋ ቤት ነው። ባለቤቱ ክርስቲያን ነው፤ እሱም በመጀመሪያ "አልሐምዱ ሊላህ" ካለኝ በኋላ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ጨመረልኝ። ትልቅ ነጭ ፍሪጅ በሩ ላይ ቆሟል። ይሠራል ወይ አልኩት። ይሠራል፣ ግን አይሰካም አለኝ። ከሰካው ሰው ሥጋው ያደረ ነው ብሎ ያማዋል፤ ፍሪጁ የቆመው ሱቁ ሙሉ እንዲመስል ነው፤ ውስጡ ቢላዋና መሳያ አለ።

እስከ ቀትር አሥራ አራት ቤት ዞርኩ። ሠንጠረዤ ላይ የተጻፈው አሥራ አራት ጊዜ "አልሐምዱ ሊላህ" ነው። መብራት ይጠፋል? አልሐምዱ ሊላህ። ኔትዎርክ ይቋረጣል? አልሐምዱ ሊላህ። በዚህ ጥናት መሠረት መካነ ሰላም በዓለም ላይ ምንም ሥጋት የሌለባት ከተማ ናት። እናቴ ውጤቱን ስታይ "ይኸው፣ እኔ ምን አልኩ፤ ላኪለት" አለች።

አባቴ ሠንጠረዡን አገላብጠው አዩት። "ሰው ስለ ራሱ ስትጠይቂው ጌታውን ያመሰግናል፤ ያንቺን ሠንጠረዥ ለመሙላት ብሎ አያማርርም" አሉኝ። "ስለ ጎረቤቱ ጠይቂው።"

ሐሜት አይሆንም ወይ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ስም ካልተጠራ አይሆንም አሉ።

ከሰዓት በኋላ ጥያቄዬን ቀይሬ ወጣሁ። ለውጡን ለመግለጽ ያስቸግረኛል። ጠዋት በሁለት ቃል የሸኙኝ ሰዎች አሁን መቀመጫ ይዘውልኝ መጡ። ጎረቤት ዘይት በዱቤ ነው የሚበላው። የጎረቤት ልጅ ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጧል። ጎረቤት መንገድ ተዘግቶ ስንዴውን ሳይሸጥ ከረመ። ባለሱቁ ስለ ሥጋ ቤቱ ነገረኝ፣ ሥጋ ቤቱ ስለ ባለሱቁ ነገረኝ፤ ሁለቱም ስም አልጠሩም። ፍሪጆቹን በተመለከተ ደግሞ አብዛኞቹ ኃይል ድንገት ጨምሮ የተቃጠሉ ናቸው፤ በአንዱ ውስጥ የልጆች መጻሕፍት፣ በሌላው ስኳር ተቆልፎበታል። ደህና ቁም ሣጥን ስለሆኑ ባለቤቶቹ ብዙም አላዘኑም።

ማምሻው ላይ ከኛ ቤት በታች ያሉት አዛውንት ጎረቤታችን ዘንድ ደረስኩ። እሳቸው ጥያቄውን ቶሎ ተረዱት።

"አንድ ቤት አለ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ስም አልጠራም። ልጃቸው ከዱባይ ፍሪጅ ላከችላቸው። ሦስት ወር ሳይሞላው ተቃጠለ። አሁን የእናትየው የዒድ ቀሚስና የአባትየው ኪታብ ነው የሚቀመጥበት። ለልጂቱ ግን ይሠራል ይሏታል።"

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የኛ ቤት ነው።"

"ስም አልጠራሁም አልኩሽ እኮ" አሉኝ።

ልክ ናቸው። ፍሪጁ እህቴ ከመጀመሪያው ዓመት ደመወዟ ቆጥባ የላከችው ነው። ሲቃጠል ልቧ እንዳይሰበር ደበቅናት። በደወለች ቁጥር "ፍሪጁስ?" ትላለች፤ እኛም "አልሐምዱ ሊላህ" እንላለን። አንዴ በቪዲዮ ደውላ አሳዩኝ ስትል እናቴ ደጅ ያደረ የውኃ ጠርሙስ አንስታ ካሜራው ላይ አስጠግታ "ጥርስ ይነቅላል" ብላታለች። ውሸት አልነበረም፤ በኛ አገር ደጅ ያደረ ውኃ ጥርስ ይነቅላል።

ያንን ቤት ፍሪጃቸው ከተቃጠለባቸው ቤቶች ዘጠነኛ ብዬ መዘገብኩትና ሪፖርቱን በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩ። እናቴ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ስጨርስ ፊቷ ተለውጧል።

"ይህን ካነበበ አይመጣም" አለች። "እሱ ካልመጣ እሷም አትመጣም። ልጄ እዚያ ባዕድ አገር፣ አይዞሽ የሚላት እንኳ ሳይኖር ትውለድ ነው የምትዪው?"

አባቴ ሰውየው አምኖ ጠይቋል፣ አማና ነው፣ አደራ አይበላም አሉ። እናቴ ተነስታ ወጣች። ሁለቱንም ማስደሰት ስለፈለግኩ ሁለት ሪፖርት አዘጋጀሁ፤ አንዱ ጣፋጭ፣ አንዱ እውነተኛ። ከዚያ የትኛውንም መላክ አቅቶኝ እሁድን ሙሉ ተቀመጥኩ።

የኢኮኖሚክስ ደብተሬን የከፈትኩት የምይዘው ስላጣሁ ነው። መምህራችን አንድ ነገር ስንመርጥ የምንተወው ነገር ምን ያህል ያወጣ እንደነበር ማሰብ አለብን ብሎ ያስጻፈን ገጽ ላይ ደረስኩ። ያኔ ነው ስህተቴ የታየኝ። የመምጣትን ሥጋት ብቻ ነበር የመዘንኩት፤ እዚያው የመቅረትን ሥጋት አንድም ሰው አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

እህቴ ጋ ደወልኩ። ኑሮ እንዴት ነው አልኳት፤ አልሐምዱ ሊላህ አለች። የባልሽ ሥራስ? አልሐምዱ ሊላህ። እሷም የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ምን እየጠበቅኩ ነበር።

"ጎረቤቶቻችሁስ እንዴት ናቸው?" አልኳት።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንዲት ጎረቤት እንዳለቻት ነገረችኝ። ባለችበት ሕንፃ የሚኖረው ሁሉ ሥራ ላይ የሚውል ሰው ነው፤ ማንም ማንንም አያውቅም። የሴትየዋ ባል ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ውሉ እንደማይታደስ ተነግሮታል፤ ሁለት ወር ነው የቀረው። የቤት ኪራዩ ስላልተቻለ ከሌሎች ጋር አንድ ክፍል በመጋረጃ ከፍለው ይኖራሉ። ባልየው ስህተት እንዳይሠራ ፈርቶ ሌሊት ሌሊት ጥያቄ ይጽፋል። ሴትየዋ ግን ለቤተሰቦቿ አልነገረችም።

"ስንት ወሯ ነው?" አልኳት።

"አምስት።"

እኔም ባዶ እጄን መሄድ ስላልፈለግኩ፣ እኛም ጋ አንድ ጎረቤት አለ አልኳት፤ ልጃቸው የላከችላቸው ፍሪጅ ከተቃጠለ ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ ለልጂቱ ግን አልነገሯትም።

"ጠርሙስ በካሜራ የምታሳየዋ ጎረቤት ናት?" አለችኝ።

አዎ ስላት እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም፤ በመጨረሻ ሳቅ ሆነ። ጠርሙሱ ላይ የዛፍ ቅጠል ተለጥፎ ስላየች ያኔውኑ ገብቷት ነበር። እናታችን እንዳታፍር ብላ ነው ዝም ያለችው።

እውነተኛውን ሪፖርት ላክሁ። ዘጠነኛውንም ቤት አልሰረዝኩም። ወሊድን ለሚመለከተው ጥያቄ፣ ሆስፒታል እንዳለ፣ ጉዳዩ ከከበደ ደሴ እንደሚላክ፣ መንገዱም ሁልጊዜ እንደማይታመን ጻፍኩ። ለአራተኛውም አይሞቅም ብዬ መለስኩ።

ሁለት ቀን ዝም አለ። ሦስተኛው ቀን ምላሹ መጣ። የአየር ማቀዝቀዣ ሥራ የለም፣ የፍሪጅ ሥራም እንደሌለ ገብቶታል፤ ሰው ቁም ሣጥኑን አያስጠግንም። ኃይል እየጨመረ ፍሪጅ የሚያቃጥል ከሆነ ግን የወፍጮ ቤቶች ሞተርም ይቃጠላል ማለት ነው፤ የት ነው የሚጠገነው ብሎ ጠየቀ። ደሴ ድረስ ተጭኖ እንደሚሄድና ባለወፍጮዎቹ ሲጠብቁ እንደሚከርሙ ጻፍኩለት። እሱ የተቃጠለ ሞተር ሽቦውን እንደ አዲስ መጠቅለል ያውቃል። ያም ሆኖ ጠቅልሎ ለመምጣት አልደፈረም። እህቴ እርግዝናዋ ገፍቶ አውሮፕላን መሳፈር ሳትከለከል ትቀድማለች፤ እሱ ውሉ ሲያልቅ መጥቶ ስድስት ወር ሞክሮ ያያል።

ቅዳሜ ቤት መጥቼ ይህን ለእናቴ ሳነብላት ደስታዋን ዋጥ አድርጋ ጎኔ ተቀመጠች። እስከዚያ ቀን ጥያቄ ሁሉ ከእሱ ወደ እኛ ነበር። አሁን የእሷን አንድ ጥያቄ ጻፊልኝ አለችኝ።

"ስድስት ወሩ ሲያልቅ ልጄንና ልጇን ይዞ ተመልሶ ይሄዳል ወይ?"

ለስለስ ላድርገው ስላት እምቢ አለች። እንዳለችው ላክሁት። መልሱ ወዲያው መጣ፣ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ የጻፈውን በአማርኛ ነገርኳት።

"አላውቅም ነው የሚለው።"

ደግመሽ አንብቢው አለችኝ። ደገምኩላት። ስልኩን ከእጄ ወስዳ፣ የማታነበውን ጽሑፍ ራቅ፣ ቀረብ እያደረገች ብዙ አየችው።

"ይሄ ሰው አይዋሽም" አለች በመጨረሻ። "ይምጣ።"

ስልኩን መልሳ ሰጥታኝ በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ግን ቆም አለች።

"ቢያንስ ኢንሻአላህ ቢል ምን ነበረበት?"