ሃይ ያለኝ ሰው

ትናንት ወረታ ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን የልጅ ልጄ ከስልኳ ታነብልኝ ነበር። «እምዬ፣ ‹ሃይ› በእንግሊዝኛ ሰላምታ ነው። በጃፓንኛ ደግሞ ‹አዎ፣ ሰማሁ› ማለት ነው» አለችና ሳቀች። የእኛን ‹ሃይ› እሷም ታውቀዋለች፤ እጁን ወደ ድስት የሚሰድ ልጅ የሚገሠጽበት ነው። እኔ አልሳቅሁም።

ያኔ ሩዝ ለፎገራ አዲስ ነበር። አንድ ጃፓናዊ ባለሙያ የሙከራ ማሳውን እየመጣ ያያል፤ የሠራተኞቹ አለቃ የአባቴ ወንድም ነው። ስሙን አልጽፍም፤ የሚያውቁት ያውቁታል። እኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ችግኙን ያፈላሁትም እኔ ነኝ። ችግኙ ከያዘ በቋሚነት ልቀጠር፣ ካልያዘ ይፋግ ላለ ሰው ልዳር፤ ነገሩ በዚህ ተቆርጦ ነበር።

ሐምሌ ነው። እንግዳው በማግስቱ ስለሚመጣ አጎቴ ችግኙ ተነቅሎ፣ ታስሮ ይደር አለ።

«ጋሼ፣ ነገ እኮ ገብርኤል ነው፤ አፈር የሚነካ ሰው አያገኙም» አልሁት።

«ገብርኤል ከነገ ወዲያ ነው። አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቄስ የሆንሽው?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ነቀልነው።

ሲነጋ የገብርኤል ደወል ተሰማ፤ ማሳው ላይ ዝር ያለ ሰው የለም። የችግኙ እስር ቦዩ ዳር ተከምሯል፣ ሲዘንብ ስላደረ ውሃው እየሞላ ነው። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ገብቼ እስሩን አንድ በአንድ ወደ ከፍታው አወጣሁ። ብሠራ መልአኩን እፈራለሁ፣ ብተወው ይፋግ ይታየኛል። ነጠላዬ ጫፍ የቋጠርሁት የሽምብራ ቆሎ ርሶ ሳልበላው ቀረ።

ረፋዱ ላይ መኪናው መጣ። አጎቴም ነጭ ጋቢውን እንደለበሰ ከቤተ ክርስቲያን ደረሰ።

«ቀኑን የሳተችው እሷ ናት። እኔ አልነበርሁም» አለ። ሾፌሩ ተረጎመ። እንግዳው ጭቃ የለበስሁትን አየኝና ራሱን ዝቅ አድርጎ «ሃይ!» አለ። የገሠጸኝ መስሎኝ አበቃልኝ አልሁና የአጎቴን ሐሰት ሳላስተባብል ቀረሁ።

በማግስቱ ተተከለ፤ ችግኙ ያዘ። ሥራው ግን ለአጎቴ ልጅ ተሰጠ፤ እኔ ከጥምቀት በኋላ ይፋግ ተዳርሁ።

ያን እንግዳ ይህን ሁሉ ዘመን ከአጎቴ እኩል ስረግመው ኖሬያለሁ። ለካ ሰውየው የተነገረውን መስማቱን ብቻ ነበር የተናገረው። ትናንት በልቤ ይቅር በለኝ አልሁት።

አጎቴ ግን የተናገረው በአማርኛ ነበር።