ምንጩ አስተማማኝ ነው

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ርቀት» ይሏታል። ሁለተኛ ዲግሪዋን በርቀት ትምህርት ከጀመረች ወዲህ የወጣላት ስም ነው። ዘበኛው ሳይቀር ጠዋት በሩን ሲከፍትላት «ርቀት ቀረበች» ይላል፤ በየቀኑ ይላል፣ በየቀኑም አዲስ ቀልድ የተናገረ ይመስለዋል። እሷም በየቀኑ ፈገግ ትልለታለች። ሰው ማሳፈር አትወድም።

ሥራዋ ውሃ መመርመር ነው። የውሃ አገልግሎቱ ድሮ የቧንቧ መለዋወጫ ይከማችበት የነበረውን ክፍል ለላብራቶሪ ሰጥቷታል፤ አንድ መስኮት፣ አንድ የእጅ መታጠቢያና ግማሽ ፊደሉ የተፋቀ ኮምፒውተር አለበት። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ እሷ እዚያው ቁጭ ብላ ታጠናለች።

ዩኒቨርሲቲዋ የአንድ ቀን መንገድ ይርቃል። ቤተ መጻሕፍቱ ግቢ ውስጥ ለተቀመጠ ተማሪ ደግ ነው፤ የጥናት ጽሑፍ ሲፈልግ ጠቅ ያደርጋል፣ ይከፈትለታል። ከግቢ ውጭ ያለው ግን የይለፍ ቃል ይጠየቃል። የርቀት የይለፍ ቃል ደግሞ ዘንድሮ ምዝገባ ሲታደስ ሥራ አቁሟል፤ ሬጅስትራር ስሟን ለቤተ መጻሕፍቱ ገና አላስተላለፈም። ርዕሱን ታያለች፣ አጭር መግለጫውን ታነባለች፣ ከዚያ በታች የቁልፍ ሥዕል አለ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ተበሳጭታ ትተወው ነበር። አሁን ግን የፈለገችው ጽሑፍ የመመረቂያ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

በከተማው የታችኛው ሰፈር ቧንቧው ከደረቀ ቆይቷል፤ ውሃ የሚታደለው በቦቴ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለዚህ ሰፈር ከሰፈሩ በላይ ካለው እርሻ ግርጌ አዲስ ምንጭ አጎልብቷል። መስመሩ ተዘርግቶ፣ ቦኖው ተተክሎ፣ የቀረው መክፈት ብቻ ነበር። ርቀት የመመርመሪያ ዱቄት ጨምራ ውሃውን ስትመረምር ግን በብልቃጡ ውስጥ ያለው ቀለም እየቀላ ሄደ። ናይትሬት ነው፤ ከማዳበሪያና ከመጸዳጃ ጉድጓድ ወደ መሬት የሚሰርግ፣ ሽታም ጣዕምም የሌለው ነገር። አዋቂ ጠጥቶት ውሎ ያድራል። በጡጦ የሚያድግ ጨቅላ ግን ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል፤ ሳያስል፣ ሳያተኩሰው ይጠቁራል። ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው ሲተን ናይትሬቱ ስለሚቀር ጭራሽ ያባብሰዋል።

በታችኛው ሰፈር የርቀት ታናሽ እህት አለች። ገና አራስ ናት፤ ጡቷ ወተት እምቢ ስላለ ልጇን የምታሳድገው በዱቄት ወተት ነው። ርቀት ያንን ቀይ ቀለም ባየች ቁጥር የሚታያት የዚያ ልጅ ጡጦ ነበር። «ለዘመዷ ብላ ነው» እንዳይሏት ፈርታ ግን ይህን ለመሥሪያ ቤት ሰው አልተናገረችም።

ሥራ አስኪያጁ ውጤቱን ካየ በኋላ መነጽሩን አወለቀ። «የመመርመሪያ ዱቄትሽ ጊዜው ያለፈበት ነው» አላት። እውነቱን ነው፤ አዲስ ከጠየቀች ቆይታለች። «ባለፈበት ዱቄት ምርመራ ምንጭ አልከፍትም ብዬ ለበላይ ልጻፍ? መሳቂያ እንሆናለን። ያለፈበትም ቢሆን ይታመናል የሚል፣ የታወቀ ቦታ የወጣ ጥናት አምጪልኝ፤ እንደተዘጋ ይቀራል።» ክፉ ሰው አይደለም። ቃሉን ያከብራል፤ ከበላይ ስልክ ሲደወል ግን ጉልበቱ ይከዳዋል።

ጥናቱ ነበር። ርዕሱ ራሱ የእሷን ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልሱ ከቁልፉ በታች ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ለቤተ መጻሕፍቱ ደወለች። ስልኳ ከወደቀ ወዲህ የሚሠራው በድምፅ ማጉያው ብቻ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ አጋድማው ነው የምታወራው። ያነሣው ሠራተኛ ትሑት ሰው ነበር።

«የይለፍ ቃሉ በእኔ እጅ አይደለም፣ እህቴ» አላት። «ጽሑፉን ግን አውርጄ በኢሜይል እልክልሻለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አለቃዬ ጠንቃቃ ናቸው። ምንጩ አስተማማኝ ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ይህን ጊዜ በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ቆሟል። ርቀት አየችው፤ እንዲሰማም ብላ ስልኩን ወደ በሩ ገፋ አደረገችው።

«በጣም አስተማማኝ ነው» አለ ስልኩ። «ዩኒቨርሲቲያችን መርምሮ ያጸደቀው ነው። ያለ ምንም ሥጋት ተጠቀሚበት።»

«ሰሙ አይደል?» አለችው።

«ሰማሁ፣ ሰማሁ» አለ፤ ፊቱ በርቷል። «ግልግል ነው። በርቺ የኔ ልጅ።» በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ሄደ።

ምንጭ እንዳይከፈት የሚያስገድደው ወረቀት ሊመጣ ሲል ሰው እንዲህ ደስ ይለዋል? ምክንያቱን ስላላገኘችው ግን ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዓርብ ኢሜይሉ አልመጣም፤ ብትደውልም የሚያነሣ የለም። ቅዳሜ እህቷ ደወለች።

«እትዬ፣ ተገላገልን። ውሃ መጣልን።»

«እሰየው» አለች ርቀት፤ ቦቴው የመጣ መስሏታል። «ያለሽን ዕቃ ሁሉ ሙዪው፣ ነገ ደግሞ ይጠፋል።»

«ከእንግዲህማ ምን ይጠፋል» ብላ ሳቀች እህቷ። ልጁ አለቀሰና ስልኩን ዘጋችው። ርቀትም ያቺን ሳቅ ልብ አላለቻትም።

ሰኞ ጽሑፉ ገባ። ቆማ ነው ያነበበችው። አጥኚዎቹ ጊዜው ያለፈበትን ዱቄት ከአዲሱ ጎን ለጎን ሞክረውታል። ሲሳሳት ያለውን አሳንሶ ያሳያል እንጂ የሌለውን አይጨምርም ይላሉ። እሷ ያየችው ቅላት እንግዲህ ከእውነተኛው ያነሰ ነበር። አትማ ወደ ሥራ አስኪያጁ ይዛ ሄደች፤ ስትሄድ፣ አይደበቅም፣ ደስ ብሏት ነበር።

«ጥናቱ ይኸው» አለችው። «እንግዲህ አይከፈትም።»

«ምኑ?»

«ምንጩ።»

«የቱ ምንጭ? ዓርብ የከፈትነው?»

«ከፈታችሁት?» አለች ርቀት።

«መኪና አዙረን፣ አንቺ መርምረሽው ዩኒቨርሲቲሽ መስክሮለታል ብለን በድምፅ ማጉያ አስነግረናል እኮ» አላት። «ለዩኒቨርሲቲው የውሃውን ናሙና ልከሽ ነው ብዬ። በገዛ ጆሮዬ፣ አንቺው ፊት! ምንጩ አስተማማኝ ነው፣ መርምረን አጽድቀነዋል አለ ሰውየው።»

«ምንጭ ያልኩት ጽሑፉን ነው ጌታዬ። ጽሑፉ የወጣበትን መጽሔት።»

ሥራ አስኪያጁ ዕድሜውን ሁሉ ምንጭ ሲያጎለብት የኖረ ሰው ነው፤ በዚህ ግቢ ምንጭ ሲባል ከመሬት የሚወጣ ውሃ ነው፣ ሌላ ትርጉም ኖሮት አያውቅም። እሷ ደግሞ ከወረቀት ጋር ውላ ከወረቀት ጋር ስታመሽ ይህን ረስታዋለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በእሷ አፍ የተጀመረውን ወሬ ከከተማው ሁሉ መጨረሻ የሰማችው እሷ ሆነች።

«ይዝጉት» አለችው።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለ፤ ለራሱ የሚናገር ነው የሚመስለው። «አሁን ምን ብዬ ልመልሰው?» እጁ ግን ወደ ስልኩ ሄደ። ለማን እንደሚደውል ቆማ አልጠበቀችም።

መንገድ ላይ ሆና ለእህቷ ደጋግማ ደወለች፤ አይነሣም። ስትደርስ እህቷ በራፏ ላይ ልብስ ታጥባለች፤ ሳፋው ሞልቶ ይፈሳል።

«ነይ እስኪ እትዬ፣ ውሃ እንደ ልብ ሲሆን እዪ።»

«ልጁስ?»

«ተኝቷል። ዛሬስ እንዴት ያለ ጨዋ ሆኗል፣ አንዴም አላለቀሰ። ጎረቤቶቼ አዲሱን ውሃ ፈርተው ነበር እኮ። እህቴ ናት የመረመረችው፣ ዩኒቨርሲቲዋ ነው የመሰከረው ብዬ አስቀዳኋቸው። ለጡጦውማ ሦስቴ ነው የማፈላው።»

ርቀት ልጁን ከአልጋው አንሥታ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ይተነፍሳል። ከንፈሩና የጥፍሮቹ ሥር ግን ጠቁረዋል። ጉንጩን ነካ ነካ ስታደርገው ዓይኑን በግድ ገለጠና መልሶ ጨፈነው።

«ጫማሽን አድርጊ» አለች። «ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ምን ሆነ?» እህቷ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ብርድ መታው?»

«ውሃው ነው።»

«የትኛው ውሃ? ምንጩ አስተማማኝ ነው ብለሽ የለ እንዴ?»

ርቀት ጠየቀች እንጂ አላለችም። ይህን ለማስረዳት ግን ጊዜ አልነበረም። ልጁን በሻርፗ ጠቅልላ ወጣች፤ እህቷ ባዶ እግሯን ተከተለቻት።

ቦኖው ጋ ሴቶች ጀሪካን አሰልፈዋል። ጨቅላ ያዘለች አንዲት ሴት ርቀትን ስታይ ከሰልፉ ወጥታ መጣች።

«አንቺ ነሽ አይደል የመረመርሽልን?» አለቻት። «ውለታሽን እግዜር ይክፈልሽ።»

«ልጅሽን አውርጂው» አለቻት ርቀት። «ፊቱን አሳዪኝ።»