የፓይሳንዱዋ ባንዲራ ሰፊ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲያበቃ ስንት ይሆናል? ብዙ የተማሩ ሰዎች ይህን ጥያቄ ሲያገላብጡት ኖረው መልሱን ሳያገኙ አልፈዋል። ኤርሚንዳን ብትጠይቋት ግን ምናልባት በሜትር ትመልስላችሁ ነበር። ፓይሳንዱ ከተማ ውስጥ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ ባለው ቤቷ አርባ አንድ ዓመት ባንዲራ ሰፍታለች፤ ለኳስ ክለቦች፣ ለፓርቲዎች፣ ለትምህርት ቤቶች። በዚያ ከተማ ሰው ሲሞት ሣጥኑ ላይ የክለቡን ወይም የፓርቲውን ባንዲራ ማልበስ ወግ ነውና፣ ከከተማው ሽማግሌዎች ግማሹ ወደ መቃብር የወረደው የእሷን ስፌት ለብሶ ነው። እሷ ግን የእኔ የምትለው ባንዲራ አልነበራትም። ኳስ አትወድም። ምርጫም ሲመጣ ግዴታ ስለሆነ ብቻ ሄዳ ድምፅ ትሰጣለች።

በሕይወቷ ሦስት ሰው ወዳለች። የመጀመሪያው ዋልዴማር ነው፤ ሥጋ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፣ ኤድጋርዶ የሚባል ልጅ ወለደችለት፣ በተጋቡ በአሥራ አራተኛው ዓመት ልቡ ከዳውና ሞተ። ከተማው መጥቶ አስተዛዘናት። ቀጥላ ሱልማ መጣች፤ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ቤት፣ በአንድ አልጋ ኖሩ። ጎረቤቱ ግን ሱልማን “ደባሏ” ሲል ከረመ። ሱልማ የታመመች እናቷን ላስታምም ብላ ሞንቴቪዴዮ ሄዳ በዚያው ስትቀር፣ ኤርሚንዳን “አይዞሽ” ያላት ሰው አልነበረም። ደባል ሄደ ተብሎ ይለቀሳል? በማግስቱ ማሽኗ ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ያልወጣላት ሐዘን ከዚያም ወዲያ አልወጣም፤ ብዙ እንደተኙበት ክንድ ደንዝዞ እዚያው ቀረ።

ሦስተኛው ሩቢ ናቸው፤ ሬዲዮ ጠጋኝ። ወንድም ሴትም መባል አይፈልጉም። ደንበኛ እያፈረ፣ “ይቅርታ፣ ወንድ ነዎት ወይስ ሴት?” ሲላቸው፣ “ሬዲዮው ተሠርቷል፣ ይውሰዱት” ብለው ያሰናብታሉ።

እህቷ ኦፌሊያ ይህ ሁሉ አይዋጥላትም። “አንድ ቦታ ርጊ እንጂ እህቴ” ትላለች፤ “ወይ እንዲህ ነኝ በይ፣ ወይ እንዲያ ነኝ በይ። የነገርሽ መያዣ ጠፋን እኮ።” ኤርሚንዳ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንዱ ተቆጥሮላት ሁለቱ እንዳይዘለሉባት፣ የወደደችው ሁሉ እንዲቆጠርላት። ይህን በየትኛው ቃል እንደሚሉት ግን አታውቅም ነበር።

ስልሳ ስድስት ዓመት በሞላት ዓመት፣ በየመስከረሙ ለሚደረገው የብዝኃነት ሰልፍ ጂሴላ የምትባል ተማሪ ሥዕል ይዛ መጣች። ከላይ ደማቅ ሮዝ፣ መሐሉ ቢጫ፣ ከታች ውሃ ሰማያዊ። ኤርሚንዳ የየትኛው ክለብ እንደሆነ ጠየቀቻት።

“የክለብ አይደለም ዶኛ” አለች ልጅቷ በአክብሮት አጠራር፤ “ ወንድ ነው፣ ሴት ነው፣ ሁለቱም አይደለም ሳይሉ፣ ሰውን ሰው ስለሆነ ለሚወዱ ነው። ፓንሴክሹዋል ይባላሉ።”

“ይሄም ባንዲራ አለው?”

“አለው እንጂ።”

ኤርሚንዳ ዕንባ ወይም ሣቅ ይመጣል ብላ ጥቂት ጠበቀች። የመጣ ነገር የለም። ሜትሯን አነሳች። ጨርቁን እየለካች፣ በከተማው ስንት እንደሆኑ ጠየቀች። ልጅቷ አራት አለቻት።

“አምስት በይ” አለች ኤርሚንዳ፣ የተሳሳተ ልክ እንደምታርም ሁሉ ቀና ሳትል።

ኤርሚንዳ ልጅቷ ካዘዘችው ላይ አንድ ጨምራ ለራሷ ሰፋች። እሑድ ሁሉም የክለቡን በሚሰቅልበት ሰዓት እሷም በረንዳዋ ላይ ሰቀለችው። ማዶ ያለው አትክልት ሻጭ ኒቢዮ አንጋጦ አየና፣ “ዶኛ፣ ይሄ ደግሞ ስንተኛ ዲቪዚዮን ነው የሚጫወተው?” አላት።

“እስካሁን ወርዶ አያውቅም።”

ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሙሉ ከወንዙ ማዶ የመጣ ክለብ ነው ብሎ አመነ። ሰኞ ሰኞ፣ “ትናንት ስንት ለስንት ወጣችሁ?” የሚላት ሰው እንኳ አልጠፋም። ሩቢ ይህን በሰሙ ቁጥር ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ኤርሚንዳም ከንፈሯ ትንሽ ይላወሳል። እነጂሴላ አራቱ ልጆች በየጊዜው እየመጡ ከእነሩቢ ጋር ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ ይጠጡ ጀመር። ቤቱ ሰው ሰው ሸተተ፤ እሷ ግን ደስታውን በመስኮት መስታወት በኩል እንደምታየው ነበር፣ ይታያል እንጂ አይሞቅም።

በሁለተኛው ዓመት ቆሽቷ ታመመ፤ ብዙም አላቆያትም። ባንዲራውን ሣጥኗ ላይ ያለበሰው ልጇ ኤድጋርዶ ራሱ ነው። ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። ለቀስተኛው ሲጠይቀው ግን፣ “ክለቧን ትወድ ነበር” እያለ መለሰ። ጨርቅ እንዲህ ነው፤ ስሙ እስካልተጠራ ድረስ ማንንም አያስከፋም፣ ማንም ያለብሰዋል። የሚከብደው ስም መጥራት ነው።

የከተማው ሬዲዮ ቀትር ላይ የሞቱትን ስም ያነባል። በዚያ ሰዓት ከተማው ማንኪያውን አስቀምጦ ያዳምጣል። ሩቢ በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ የተከፈተ ሬዲዮ ይዘው ሰሙ፤ የዋልዴማር ባለቤት የነበረች ኤርሚንዳ ማረፏን ልጇ ኤድጋርዶና እህቷ ኦፌሊያ በጥልቅ ሐዘን ያረዳሉ። ቀጥሎ የሌላ ሟች ስም ተነበበ። ሩቢ መፍቻውን አነሱና የጀመሩትን ጨረሱ።

የሚነበበውን ጽፈው የሰጡት ልጅና እህት ናቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ኤርሚንዳ ሁለቱንም አልጋዋ አጠገብ አስቀምጣ ነግራቸው ነበር። ኦፌሊያ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ኤድጋርዶ፣ “እሺ እማዬ፣ አሁን ዕረፊ” አለ። እሷ ያለችው ይህን ነው፤ “የባንዲራው ነገር እንደፈለጋችሁ። ሬዲዮው ላይ ግን ሦስቱንም አስነብቡልኝ፤ ዋልዴማር፣ ሱልማ፣ ሩቢ። ማን ምኔ እንደነበረ መዘርዘር አያስፈልግም። የወደደቻቸው ተብሎ ይነበብልኝ።”