ፀሐይን ያስቆመው ሽማግሌ

ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ይበቃዋል።

ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ውስጥ በተከራየነው አዳራሽ የምንሰበሰብ የኢትዮጵያውያን ጴንጤዎች ሽማግሌ ነበር። እኔ ከደርግ የሸሸሁ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው አዳራሽ ለስደተኛ ልጆች ሳይንስ አስተምር ነበር። ባሌ ቀድሞን ካናዳ ገብቷል። ኤምባሲው እኔንና የስምንት ዓመት ልጃችንን ወደ እሱ ለመላክ የጋብቻ ማስረጃ ጠየቀ፤ ወረቀቱ ደግሞ አገር ቤት ቀርቷል። ናይሮቢ ካሉት ሰዎች አገር ቤት ሰርጋችን ላይ የነበረው ይኸው ሽማግሌ ብቻ ነው፤ ያውም ጠግቦ በልቷል። የምስክርነት ደብዳቤ እንዲጽፍልኝ ለምኜው እሺ ብሎኝ ነበር።

በዚህ መሀል አንድ ቅዳሜ፣ የምትዞረው ምድር ናት በማለቱ ካህናት አንበርክከው ቃሉን ስላሳጠፉት ጣሊያናዊ አዛውንት ለልጆቹ ነገርኳቸው። አዟዟሯንም በብርቱካንና በባትሪ አሳየኋቸው። ወሬው ውሎ ሳያድር ሽማግሌው ጆሮ ደረሰ።

«እህቴ» አለኝ አስጠርቶ፣ «ፀሐይ በጸሎት ቆማለች ተብሎ ተጽፏል። ድሮውንም የማትሄድ ከሆነች ምኗ ቆመ?»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ያየሁትን እርካታ እስከዛሬ አልረሳሁትም። አራተኛ ክፍል ያሉት ተማሪዎቼ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይጠይቁኝ ነበር።

«ምድር ብትቆምም እኮ ለሚያያት ሰው ፀሐይ የቆመች ይመስለዋል፣ ወንድሜ» አልኩት።

«እሁድ ጉባኤው ፊት ወጥተሽ ተሳስቻለሁ በዪ። ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ እናየዋለን።»

እሱም እኮ እንደኔ ቀበሌ ስብሰባ ላይ እየቆመ ግለ ሂስ ማድረግ አንገፍግፎት የተሰደደ ሰው ነው! ካድሬዎቹን ሸሽቶ፣ ካድሬነቱን ግን በሻንጣው ይዞ ድንበር ተሻገረ።

እሁድ ወጣሁ። «የቆመችው ምድር ናት፤ ተሳስቼ ልጆቹን አሳስቻለሁ» አልኩ። ማታቱ ታክሲ ላይ ቦታ የሚሻሙኝ ሴቶች ሁሉ እልል አሉ። ሽማግሌው እዚያው ፈርሞ ሰጠኝ። ያን ቀን እሱን የናቅሁትን ያህል ማንንም ንቄ አላውቅም፤ ራሴን ገና አልቆጠርኩም ነበር።

ቤት ስንገባ ልጄ «ማሚ፣ ምድር አትዞርም እንዴ?» አለችኝ።

«ትዞራለች። ዳዲ ጋ እስክንሄድ ግን ከጠየቁሽ ቆማለች በዪ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ትምህርቱን ሽማግሌው ራሱ ያዘው። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «ከሁለቱ የምትሄደው የቷ ናት?» ብሎ ጠየቀ። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ዘወር ብለው አዩኝ። በመጨረሻ እጇን ያወጣችው የኔዋ ልጅ ነበረች።

«ፀሐይ» አለች።

አጨበጨበላት፤ ከረሜላም ሸለማት። ከረሜላውን ሳትፈታ ይዛው መጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ያንቺ ነው፣ ማሚ» አለችኝና ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች።