የተራገፈው ቦርሳ

ጅማ የመጣሁት በመምህርነት ተመድቤ ነው። አገሬ መንዝ ነው፤ እዚህ ከቤተ ክርስቲያንና ከትምህርት ቤት በቀር ማንም አልነበረኝም። ባልደረቦቼ በጥንቃቄዬ ይቀልዱብኝ ነበር፤ ስባሪ ጠመኔ እንኳ አልጥልም።

የስምንተኛ ክፍል ኃላፊ በነበርኩበት ዓመት፣ ተማሪዎቹ ሚኒስትሪ ሊፈተኑ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ ካልኩሌተሬ ጠፋ። ጠረጴዛዬ አጠገብ የምትቀመጠው እዚሁ ጅማ መርካቶ ልብስ የሚሰፋ የአንድ ሰው ልጅ ነበረች። እሷን ጠርጥሬ ቦርሳዋን ተቀብዬ በክፍሉ ፊት አራገፍኩት። ካልኩሌተሩ የለም። የወር አበባ ሲመጣባት የምትይዘው ጨርቅ ግን ዱብ አለ።

«ቲቸር፣ ካልኩሌተርዎ ጨርቅ ሆነ» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጅቷ ደብተሮቿን እዚያው ትታ ወጣች።

በማግስቱ ካልኩሌተሩን መምህራን ክፍል፣ ራሴ በቆለፍኩት መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት።

ልጅቷ ግን ከትምህርት ቤት ቀረች። ይቅርታ ልጠይቃት ብል ርእሰ መምህሩ «አስተማሪ ተማሪን ይቅርታ ከጠየቀ ነገ ማን ይሰማናል?» አለኝ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፤ ሰው አስቀይሜ መስገድ ከበደኝ። የንስሐ አባቴም «መጀመሪያ ታረቂ» አሉኝ። ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ተናገሩ፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። አባትየው «ይቅር ብለናል፤ አላህም ሁላችንን ይቅር ይበለን» አሉ። ተመራረቅን። ልጅቷ ውኃ አቀረበች፣ ብርጭቆውን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ቀለለኝ።

ሰኞ ወንበሯ ባዶ ነበር። ሳምንቱም እንዲሁ አለቀ።

እናቷን መርካቶ፣ ዝንጅብል ከሚሸጡበት ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«ታርቀን አልነበር እንዴ፣ እናቴ?»

«የታረቁት ከአባቷ ጋር ነው፣ ቲቸር» አሉ ዝንጅብሉን እየለዩ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄን፣ ማን ጠየቃት? ደግሞስ ቦርሳው የተራገፈው እኛ ቤት ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እሷን ይጠይቋት። እኔም አልጠየቅኋት።»

ልጅቷን ያገኘኋት አባቷ ሱቅ፣ ቁልፍ ስትተክል ነው። መርፌውን ስታስገባ እጇ ለምዷል፤ ያን ሳይ እዚያው እንዳትቀር ፈራሁ። ምን ላድርግልሽ ስላት ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

«የሳቁት ባሉበት ይናገሩ። እኔ በር ላይ እቆማለሁ። መግባቴን እንጃ።»

ርእሰ መምህሩን ሳላስፈቅድ ክፍሉ ፊት ቆምኩ። «ካልኩሌተሩን የረሳሁት እኔ ነኝ። እሷን ሌባ አደረግኋት፤ ምስጢሯንም አደባባይ አወጣሁ» አልኩ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሬ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ማንም አልሳቀም። ያ የቀለደው ልጅ ዴስኩን በጥፍሩ ይፍቃል።

ይቅር ብያለሁ አላለችም። ገብታ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች።

ሚኒስትሪውን ተፈተነች። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ቦርሳዋን እንደ ሌሎቹ ዴስኩ ሥር አላስቀመጠችም፤ ጭኗ ላይ አድርጋ ትጽፍ ነበር። በአጠገቧ ባለፍኩ ቁጥር ዚፑን በመዳፏ ትሸፍናለች። ኋላ ላይ በዚያ ረድፍ ማለፍ ተውኩ።