ለጤፍ ለቅሶ የከለከሉት እህቴ

ታላቅ እህቴን ቢቸና ከቀበርናቸው ወዲህ ሰው ስለ ደግነታቸው ያወራል። ደግ ነበሩ። እኔን ግን ትዝ የሚለኝ ያ በረዶ የወረደበት ዕለት ነው።

እኔ አንድ ቦታ አልረጋም፤ ዛሬ ልጄ ዘንድ፣ ነገ የልጅ ልጄ ዘንድ ነኝ። ያኔ ከሞጣ መጥቼ እርሳቸው ቤት ከርሜ፣ መስከረም ሊጠባ ሲል ነበር። ዓመቱን የሚያኖረን አንድ ማሳ ጤፍ ነበር፤ በረዶው ከጭቃ ደባለቀው። ጎረቤቶች እንደ ለቅሶ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። እህቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

«ማን ሞተና ነው? ለጤፍ ተዝካር አይወጣ! ይልቅ በሬ ያለው በሬውን ይዞ ይምጣ።»

«ኧረ እትዬ፣ የእግዜር ቁጣ እኮ ነው!» አለች አንዷ።

«እሱ ያሻውን አደረገ፤ ምን እለዋለሁ? አሁን የማደርገውን ግን እኔ ነኝ የማውቅ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ዟሪ፣ ጓዝሽን ስትሸክፊ አይቻለሁ። ፍቺው!»

እውነትም ልሄድ ነበር። ፈታሁት። ርጥበቱ ሳይደርቅ ማሳውን ገልብጠን ሽምብራ ዘራንበት። ያን ዓመት እንጀራ ናፈቀን እንጂ አልተራብንም።

አሁን ቢቸና ስገባ «ዟሪዋ መጣች!» የሚል ድምፅ የለም። የበሩ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው፤ ግን ማን ሊቀበለኝ እከፍተዋለሁ? ሰው ሁሉ «ቻይው» ይለኛል። እችለዋለሁ፤ ሞትን የምመልስበት ክንድ የለኝም። እግዜር ደግ አደረገ እንድል ግን ማንም አያስገድደኝም።