አባቴ የሰበሰባቸው አውሬዎች

ልጅ ሳለሁ አዳማ ማለት የባቡር ጣቢያውና በዙሪያው የተኮለኮሉት ቤቶች ነበሩ። እኛ የምንኖረው ከሐዲዱ አጠገብ ለሠራተኞች ከተሠሩት የድንጋይ ቤቶች በአንዱ ነው። አባቴ ቴሌግራፍ ቤት ይሠራል፤ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማረው ፈረንሳይኛ አልፎ አልፎም ያስተረጉማል። እናቴ የምንጃር ሰው ናት፤ ቆላውን አንድም ቀን ወዳው አታውቅም። ልጆቹ እኔና ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነበርን።

ወንድሜን ወባ የያዘችው ገና በጨቅላነቱ ነው። ክረምቱ አልፎ ሜዳው ላይ ያቆረው ውሃ መሸሽ ሲጀምር ትነሣበታለች። ታንቀጠቅጠዋለች፣ በላብ ታጠምቀዋለች፣ ትተወዋለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። ሆዱ በጣፊያ ተነፍቶ እግሮቹ እንደ ሸምበቆ ቀጥነው ነበር። አባቴ ኪኒን ያመጣለታል፤ እሱ ግን ይመራል ብሎ አፉን ይገጥማል። አንድ ቀን አባቴ ለማባበያ እንዲሆነው ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው የግሪክ ሱቅ አንድ መጫወቻ ይዞ ገባ።

ከቀለጠ እርሳስ የተሠራ፣ ቡናማ ቀለም የተቀባ፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ዝሆን ነበር። ግን የምናውቀው ዓይነት ዝሆን አይደለም። ከራሱ እስከ እግሩ ጠጉር ለብሷል፤ ጥርሶቹም ተቆልምመው ወደ ግንባሩ ተመልሰዋል። ሆዱ ሥር በፈረንጅ ፊደል ስሙ ተጽፏል።

«ማሙት ይላል» አለ አባቴ።

«የት ነው የሚኖረው?» አለ ወንድሜ።

«የትም። ዘሩ ጠፍቷል። ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ በብርድ አገር የነበረ ነው።»

«አንድም አልቀረም?»

«አንድም።»

ወንድሜ ዝሆኑን እያገላበጠ ኪኒኑን ዋጠ። ከዚያ ወዲህ ትኩሳቱ በተነሣ ቁጥር አባቴ ወደ ግሪኩ ይሄዳል። ግሪኩ ጅቡቲ ዘመድ ነበረው፤ መጫወቻዎቹ ከባሕር ማዶ ለዘመዱ ይመጡና ከዚያ በባቡር ይላኩለታል። ጠጉራም አውራሪስ መጣ። ክራንቻው እንደ ጩቤ ከአገጩ በታች የወረደ፣ አንበሳ የሚመስል አውሬ መጣ። በኋላ እግሩ ቆሞ ዛፍ የሚያቅፍ፣ ጥፍረ ረጅም፣ ድብልብል ነገር መጣ፤ አባቴ ‘ይሄ በቁመናው ከቤታችን ይበልጥ ነበር’ ብሎ ሲነግረን እናቴ አማተበች። ወንድሜ ሁሉንም ብርድ ልብሱ ላይ ያሰልፋቸዋል። ጉልበቱን አጥፎ ተራራ ይሠራላቸዋል፤ ብርዱ ሲያንቀጠቅጠው እነሱም አብረው ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዳንዱ ይወድቃል። የወደቀውን የማነሣው እኔ ነበርኩ።

ግሪኩ አንዴ አንድ የቀረ አለ ብሎ ለአባቴ ነገረው። ቀንዱ እንደ ዛፍ የተንሰራፋ አጋዘን ነው አለ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ እያሳየ። አባቴም ቤት መጥቶ እንደዚያው እጁን ዘርግቶ አሳየን። ወንድሜ ከዚያ በኋላ የባቡር ፉጨት በሰማ ቁጥር መጣ ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ባሰበት። እናቴ ፍል ውሃ ይሻለዋል ብላ በበቅሎ አስቀምጣ ሶደሬ ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኩ። ከአዋሽ ዳር፣ ዛፎቹ ሥር፣ ጥልቀት የሌለው ቦታ መርጣ ውሃው ውስጥ አስቀመጠችው። አውራሪሱን ከእጁ አልለየውም፤ የሞቀው ውሃ ቀለሙን እየላጠ ግራጫ እርሳሱ ብቅ ብቅ አለ።

እናታችን እንጨት ልትለቅም ራቅ ስትል «የመጨረሻው ግን ብቻውን ሲቀር ምን ይሠራ ነበር?» አለኝ።

«የምን የመጨረሻው?»

«የአውራሪሱ። ሌሎቹ ሞተው እሱ ብቻ ሲቀር።»

«ይግጥ ነበራ» አልኩት።

ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ፤ መልሱ የበቃው መሰለኝ።

ወደ ቤት ከተመለስን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ያረፈው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ እናቴ ደጅ ልብስ ታሰጣ ነበር፣ አባቴ ሥራ ላይ ነበር። አጠገቡ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። የተኛ መስሎኝ ዝንብ ሳባርርለት ቆየሁ።

ሐዘንተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ካለ በኋላ አጋዘኑ በባቡር መጣ። ግሪኩ ልጁ መሞቱን ያውቃል፤ ሊያስቀረው አስቦም ነበር አሉ። አባቴ ግን ሄዶ አመጣው። ወንድሜ ይተኛበት የነበረው አልጋ ላይ ከሌሎቹ ጎን አቆመው።

«ይሄ ለማን ነው?» አለችው እናቴ።

«ለእሱ የታዘዘ ነው።»

«እሱ እኮ የለም።»

«አውቃለሁ» አለና ኮቱን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለ።

በዚህ ያበቃል ብለን ነበር፤ አላበቃም። አባቴ ግሪኩን ሌላም እንዲያስመጣ ጠየቀው፤ መጣ። እንደገና ጠየቀ፤ እንደገና መጣ። ቁመቱ ከውሻ የማይበልጥ ፈረስ፣ ዛጎል የለበሰ በሬ የሚያክል ፍጥረት፣ ስሙን አባቴም ማንበብ የተቸገረው ባለ አራት ቀንድ አውሬ። አልጋው ሞላ። እናቴ ለንስሐ አባቷ ተናገረች፤ ካህኑ ቤት ድረስ መጥተው አልጋውን አዩና ጣዖት ነው፣ ይወገድ አሉ።

«አልሰግድላቸውም፣ አባ» አላቸው አባቴ።

«ታዲያ ምን ያደርጉልሃል?»

«ምንም» አለ አባቴ።

እናቴ በዓመቱ ወደ ምንጃር ተመለሰች። ሳትጣላ፣ ሳታማርር ሄደች። «ነይ፣ እንሂድ» ስትለኝ አባቴን ማን ያበላዋል ብዬ ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ወደ እኔ ዞር ይላል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ወጥ ሠርቼ አቀርብለታለሁ፤ በልቶ እጁን ይታጠባል። አንድ ማታ እራት ላይ ስለ ማሙት ማውራት ጀመረ። በረዶ ውስጥ ሬሳው ሳይፈርስ ተገኝቷል፣ ጠጉሩም እንዳለ ነው አለኝ። ደስ ብሎኝ ሳህኔን አስቀምጬ መጠየቅ ጀመርኩ። ትንሽ እንደቆየሁ ዓይኑ እኔ ላይ አለመሆኑ ገባኝ። የሚያወራው ወደ አልጋው ነበር።

ግሪኩ ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ሲገባ አባቴ መላ ቅጡ ጠፋው። ከጅቡቲ የሚመጣ ባቡር በቆመ ቁጥር የቴሌግራፍ ወንበሩን ትቶ ፈረንጆቹን በየመስኮቱ ይጠይቃል። አንዳንዶቹ ይስቃሉ፤ አንዳንዶቹ ለማኝ መስሏቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ወንበሩ ባዶ ሆኖ መልእክት እያለፈ አለቆቹ ስለ ተቸገሩ ከሥራ አስወጡት፤ ከድንጋዩ ቤትም ወጣን። በገበያው ማዶ አንዲት አሮጊት ኦሮሞ ጎጆ አከራዩን። አውሬዎቹን በቅርጫት ተሸክሜ ያጋዝኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሞጆ ተዳርኩ። ባለቤቴ ቆዳ ነጋዴ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ድሬዳዋ ሲሄድ እባክህ ለአባቴ ከእርሳስ የተሠራ የአውሬ መጫወቻ ፈልግለት አልኩት። ፈልጎም አመጣልኝ፤ ግመል ነበር። ሌላ አጣሁ አለኝ። ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ግመሉን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ በባቡር አዳማ ሄድኩ።

አባቴ ከጎጆው ደጃፍ ተቀምጦ አገኘሁት። ግመሉን ተቀብሎ ሆዱ ሥር አየ፤ የተጻፈ ነገር የለም።

«ይሄ አልጠፋም» አለኝ። «ገበያው ሞልቶታል።»

«ለእርስዎ ብዬ ነው ያመጣሁት፣ አባባ።»

«አውቃለሁ።» መልሶ እጄ ላይ አኖረው። ያን ጊዜ ሆዴን አየ፤ ቶሎም ዓይኑን ሰበረ። «ቆላ አትውለጂ። እናትሽ ዘንድ ውጪ።»

«ባለቤቴ ሥራው ሞጆ ነው፤ እንዴት አድርጌ?»

እስከ ባቡሩ ሰዓት ድረስ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እህል ያልበላ ይመስል ነበር፣ ላብስልልዎ ብለው እምቢ አለኝ።

መሞቱን የሰማሁት አራስ ሆኜ ነው። ስደርስ ቀብሩ አልፏል። ጎረቤቶች በወንድሜ ጎን ሊቀብሩት ሞክረው ነበር፤ ግን የወንድሜ መቃብር የትኛው እንደሆነ የሚያሳይ ስላልተገኘ በግምት ቆፈሩ። እኔም ሄጄ ፈለግሁት። ከብት ረግጦት፣ እሾህ በቅሎበት ሁሉም መሬት አንድ ሆኗል።

አሮጊቷ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ጎጆው ተጠርጓል፤ ቅርጫቱም የለም።

«የአባቴ አውሬዎች የት ሄዱ?»

«አዳኞች መጥተው አዩት። እርሳስ ነው አሉ። አቅልጠው ጥይት አደረጉት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ ልጄ። ትፈልጊያቸዋለሽ ብዬ መች አሰብኩ?»

እንደማልፈልጋቸው ነገርኳቸው፤ ብፈልጋቸውም ምን እንደማደርግባቸው አላውቅም ነበር።

እናቴ ለአርባው ከምንጃር ወረደች። ፀጉሯ ሸብቷል። ልጄን ታቅፋ ግንባሯን በእጇ ጀርባ ነካች፤ ልጄን አተኩሷታል። ሁለታችንም ምን እንደሆነ አወቅን። በማግስቱ ጠዋት በቅሎዋን አስጭና ሄደች። ተከተይኝ አላለችኝም። እኔም ኪኒኑን በማንኪያ በጥብጬ ወደ ልጄ ገባሁ።